በቴሌቪዥን ስለ ተመረጠችው ዘፋኝና ስለ ፈረመችው ውል



በዛሬው ንግግራችን የምናወሳው፥ በአሜሪካ አገር በቴሌቪዥን በተደረገ የዘፈን ውድድር ተመርጣ ስምዋ በዓለም ስለ ታወቀው ስለ ኬሊ ክላርክሰን ነው። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታትና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ሆኑ፥ አድማጮቻችን ይህን አስቀድመው ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

ከኬሊ ክላርክሰን በፊትም ሆነ በኋላ ብዙ ወጣቶች በእንዲህ ያለው አደባባይ ቆመው ዘፍነዋል፤ ሕዝብም አጨብጭቦላቸዋል። ዓመት ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ግን የብዙዎቹን ስም የሚያነሣ ሰው አልተገኘም። እርስዋ ከሃያ ዓመት በላይ በሙያዋ ጸንታ ቆየች። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ የሚመረምር ሰው መልሱን በድምፅዋ ማማር ብቻ ቢፈልገው አያገኘውም፤ ድምፃቸው ያማረ ሆኖ ሳለ የተረሱ ብዙዎች ናቸውና። ከመልሱ አንዱ ክፍል፥ እንዲያውም ዋናው ክፍል፥ ገና በሃያ ዓመት ዕድሜዋ ስምዋን በፈረመችበት ወረቀት ላይ ይገኛል። ያ ወረቀት ዝና፥ ገንዘብና ዕድል ሰጣት፤ ነገር ግን ምን እንደምትዘፍን፥ መቼ እንደምትዘፍንና ከማን ጋር እንደምትሠራ የመወሰኑን ሥልጣን ለሌሎች አስተላለፈ። ከዚያ በኋላ የሠራችው ሥራ አብዛኛው፥ ይህን ሥልጣን ጥቂት በጥቂት ወደ እጅዋ ለመመለስ የተደረገ ትግል ነው ማለት ይቻላል።

ኬሊ ክላርክሰን የተወለደችው በ1982 ዓ.ም. በቴክሳስ ግዛት በፎርት ዎርዝ ከተማ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች አባትዋና እናትዋ ስለ ተፋቱ፥ ሦስቱ ልጆች ተለያዩ። ወንድምዋ ወደ አባታቸው፥ እኅትዋ ወደ አክስታቸው ሲሄዱ፥ እርስዋ ከእናትዋ ጋር ቀርታ በርለሰን በተባለችው አነስተኛ ከተማ አደገች። የአባትዋ መለየት ያሳደረባት ሐዘን ኋላ በዘፈኖችዋ ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማ ነው። በልጅነትዋ ያሰበችው በባሕር ውስጥ ስለሚኖሩ ፍጥረታት አጥንታ የሳይንስ ሊቅ ለመሆን ነበር። ይሁን እንጂ በትምህርት ቤቱ መተላለፊያ ስታንጎራጉር አንዲት መምህርት ሰማቻትና ወደ መዘምራኑ ጓድ እንድትገባ ጠየቀቻት፤ ከዚያ ወዲህ የባሕሩ ነገር ተረሳ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርትዋን በ2000 ዓ.ም. ከፈጸመች በኋላ፥ ያገኘችውን ሥራ ሁሉ እየሠራች ገንዘብ አጠራቅማ ወደ ሎስ አንጀለስ ከተማ ሄደች። በዚያም ጄሪ ጎፊን ከተባለው ስመ ጥር የዘፈን ግጥም ደራሲ ጋር ለጥቂት ጊዜ ሠራች። ነገር ግን የምትኖርበት ቤት በእሳት ስለ ተቃጠለባት፥ ያሰበችው ሳይሆንላት ቀርቶ ወደ በርለሰን ተመለሰች። ስለ አዲሱ የቴሌቪዥን ውድድር የሰማችው በዚህ ጊዜ ነው።

አሁን ስለ ውድድሩ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልገናል። የዚህ ውድድር አሳቢ ሳይመን ፉለር የተባለ እንግሊዛዊ የሙዚቃ ነጋዴ ነው። በ2001 ዓ.ም. በብሪታንያ «ፖፕ አይዶል» የተባለውን አስጀመረ፤ ሐሳቡም እጅግ ስለ ሠመረለት፥ በሚከተለው ዓመት በጁን ወር ፎክስ በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ «አሜሪካን አይዶል» በሚል ስም እንዲታይ አደረገ። አይዶል ማለት በቀጥታው ጣዖት ማለት ነው። ቃሉ ለእኛ ጆሮ የሚከብድ ቢሆንም፥ በእነርሱ የዛሬ አነጋገር ሕዝብ እጅግ አድርጎ የሚወደውና የሚከተለው ሰው ለማለት ይነገራል። ውድድሩ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተባዝቷል። በአገራችንም በዚሁ መልክ የተሰናዳ የኢትዮጵያ አይዶል የተባለ ውድድር በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ እንደ ነበረና፥ በኋላም ፋና ላምሮት የተባለው እንደ ተከተለ አድማጮቻችን ያስታውሳሉ።

ቀድሞ በነበረው አሠራር አንድ የሸክላ ኩባንያ አዲስ ዘፋኝ ለማግኘት ሰዎቹን በየከተማውና በየምሽት ክበቡ እየላከ ያስፈልግ ነበር። በዚህ ንግግር ሸክላ የምንለው ያንን ጥቁሩን ክብ ዕቃ ብቻ ሳይሆን፥ ዘፈን ተቀርጾ የሚሸጥበትን መሣሪያ ሁሉ ነው። ኩባንያው የተገኘውን ዘፋኝ ለማሠልጠን፥ ዘፈኑን ለማስቀረጽና በየጋዜጣው ለማስታወቅ ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላም ሸክላውን የሚገዛ ሰው ስለ መኖሩ እርግጠኛ አይደለም። ብዙዎቹ ዘፋኞች ያከስሩታል፤ ጥቂቶቹ የብዙዎቹን ኪሳራ ይሸፍናሉ። የፉለር ብልኀት ይህን ሥርዓት መገልበጡ ነው። ተወዳዳሪው ገና አንድ ሸክላ ሳያወጣ ሕዝብ በየሳምንቱ በቤቱ ተቀምጦ ያየዋል፤ የትውልድ አገሩን፥ ቤተ ሰቡን፥ እንባውንና ሳቁን ያውቃል፤ በስልክም ድምፅ እየሰጠ የሚወደውን ያቈያል፥ የማይወደውን ያሰናብታል። በመጨረሻ የተመረጠው ሰው ሸክላውን ሲያወጣ ገዢው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ቀድሞ ወጪ የነበረው ማስታወቂያም ገቢ ሆነ፤ ቴሌቪዥን ጣቢያው ፕሮግራሙን ለማሳየት ለአዘጋጆቹ ገንዘብ ይከፍላልና። እንግዲህ ገበያው ዕቃውን ራሱ መርጦ፥ ራሱ አመስግኖ፥ ራሱ ገዛው ማለት ነው።

በመጀመሪያው ዓመት በሰባት ከተሞች ፈተና ተደርጎ፥ ወደ 10,000 የሚጠጉ ወጣቶች ቀረቡ። ኬሊ ክላርክሰን የተፈተነችው በዳላስ ከተማ ነው። ዳኞቹ ሳይመን ካውል፥ ፖላ አብዱልና ራንዲ ጃክሰን ነበሩ። በፈተናው ጊዜ ራንዲ ጃክሰን በቀልድ ከወንበሩ ተነሥቶ ከእርስዋ ጋር ቦታ ተለዋወጠና፥ ተፈታኝዋ በዳኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየች። ሁሉም ሳቁ፤ ነገሩም በዚሁ አለፈ። ከፈተናው በኋላ ከመቶ የሚበልጡት ወደ ሆሊውድ ተጠሩ፤ ከእነርሱም 30 ተለዩ፤ ከ30ዎቹም 10 ቀሩ። ዐሥሩ ከተለዩ በኋላ ዳኞቹ ይተቻሉ እንጂ አይወስኑም፤ የሚወስነው ስልክ የሚደውለው ሕዝብ ነው።

የመጨረሻው ውሳኔ የተሰማው ሴፕቴምበር 4 ቀን 2002 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ በኮዳክ ቴያትር ነው። ከእርስዋ ጋር የቀረው ተወዳዳሪ ጀስቲን ጓሪኒ ነበር። ወደ 23 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ በየቤቱ ሆኖ ተመለከተ፤ ከ15 ሚሊዮን በላይ የስልክ ድምፅ ተሰጠ፤ ከመቶውም 58ቱን ኬሊ ክላርክሰን አገኘች። አንድ ሰው ደጋግሞ መደወል ይችል ስለ ነበረ፥ የድምፁን ቍጥር ከሰዎቹ ቍጥር ጋር ማሳሳት አይገባም። በሕግ እንደሚደረገው ምርጫ አድርጎ መቍጠርም ስሕተት ነው፤ ይህ የፍቅር ምርጫ ነው፥ እጅግ የወደደ ሰው ደግሞ እጅግ ይደውላል።

በዚያች ምሽት እንባ እየተናነቃት የዘፈነችው «ኤ ሞመንት ላይክ ዚስ» የተባለውን ዘፈን ነበር፤ ትርጓሜው «እንደዚህ ያለች ጊዜ» ማለት ነው። ዘፈኑ በዚያው ወር በሸክላ ወጥቶ፥ ቢልቦርድ የተባለው መጽሔት በየሳምንቱ በሚያወጣው የዘፈኖች ሰንጠረዥ ላይ ከ52ኛው ደረጃ በአንድ ሳምንት ወደ አንደኛው ዘለለ። ከዚያ በፊት በእንዲህ ያለ ዝላይ የሚታወቁት በ1964 ዓ.ም. ከ27ኛው ወደ አንደኛው የወጡት ቢትልስ የተባሉት እንግሊዛውያን ነበሩ። ይህ ሁሉ ሲነገር ግን አንድ ነገር እንዳይዘነጋ እንፈልጋለን። ዘፈኑን ከምርጫው በፊት ሁለቱም ተወዳዳሪዎች በየበኩላቸው ዘፍነው አስቀርጸውት ነበር፤ ከሁለቱ ማንም ቢመረጥ የሚወጣው ያው ዘፈን ነው። ዘፈኑ ተመርጦ፥ ተቀርጾና ተሰናድቶ የጠበቀ ሲሆን፥ ያልታወቀው የዘፋኙ ስም ብቻ ነበር።

ሽልማቱ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ውል ነው ተብሎ ተነገረ። ይህን የሰማ ሰው አንድ ሚሊዮን ዶላር ተቈጥሮ የተሰጣት ይመስለው ይሆናል። በሙዚቃ ንግድ ልማድ ግን ኩባንያ አስቀድሞ ለዘፋኝ የሚሰጠው ገንዘብ እንደ ቀብድ ያለ ነው፤ ኋላ ከሸክላው ሽያጭ ከሚደርሰው ድርሻ ላይ ይቈረጣል። ሸክላው በብዛት ካልተሸጠም ከቀብዱ ሌላ የሚያገኘው ነገር የለም። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስጨንቀው ሌላው ነገር ነው። አስተዳዳሪ የሚባለው ሰው በሙዚቃ ሥራ ተግባሩ የዘፋኙን ጥቅም ይዞ ከኩባንያና ከቲያትር ቤት ጋር መከራከር ነው። በዚህ ውድድር ግን ውድድሩን ያዘጋጀው የፉለር ድርጅት፥ የዘፋኝዋ አስተዳዳሪም ሸክላዋንም ለማስቀረጽ ባለ መብት ሆነ፤ ሸክላውን የሚያወጣው ደግሞ አር ሲ ኤ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ነው። እንግዲህ ጠበቃዋና ባላጋራዋ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በአንድ ወገን ተቀመጡ። ወጣትዋ ይህን ሁሉ የፈረመችው ማንም ሳያውቃት፥ ለመደራደር የሚያስችል አንዳች ኀይል ሳይኖራት ነው። በዚያ ጊዜ «አልፈርምም» ብትል ኖሮ ከበስተኋላዋ የቆሙ ብዙ ሺህ ሰዎች ነበሩ።

የውሉ ክብደት የታወቃት በፊልሙ ጊዜ ነው። በ2003 ዓ.ም. በጁን ወር እርስዋና ጀስቲን ጓሪኒ የሚታዩበት «ፍሮም ጀስቲን ቱ ኬሊ» የተባለ የፍቅርና የዘፈን ፊልም ወጣ። ወደ 12 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ይህ ፊልም 5 ሚሊዮን እንኳ ሳያገባ ቀረ፤ ተቺዎችም ከመጥፎ ፊልሞች ተራ አገቡት። ዘፋኝዋ ኋላ በግልጽ እንደ ተናገረችው፥ ጽሑፉን ባነበበች ጊዜ ፊልሙ ክፉ እንደሚሆን ዐውቃ ነበር፤ ነገር ግን በፈረመችው ወረቀት ስለ ታሰረች መውጫ አላገኘችም። እንዲህ ያለውን ነገር በመሥሪያ ቤቱ የሚያውቅ ሰው ጥቂት አይሆንም፤ ያላመነበትን ሥራ ፈርሞ ስለ ተቀበለ ብቻ የሚፈጽም ሰው የሚደርስበት ሐፍረት ግን ብዙውን ጊዜ በአራት ግድግዳ መካከል ይቀራል። የእርስዋ በየሲኒማ ቤቱ ታየ።

የመጀመሪያ አልበምዋ ግን በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ወጥቶ በመጀመሪያው ሳምንት አንደኛ ሆነ። በዓመቱ መጨረሻም ከየአገሩ ያሸነፉ 11 ዘፋኞች በለንደን ተሰብስበው በተወዳደሩ ጊዜ፥ የኖርዌዩ ኩርት ኒልሰን አንደኛ ሲወጣ እርስዋ ሁለተኛ ሆነች። ኒልሰን ቀድሞ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ከዚህ በኋላ ወደ ውድድር አልተመለሰችም።

በ2004 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር የወጣው «ብሬክአወይ» የተባለው ሁለተኛ አልበምዋ ስለ እርስዋ የነበረውን ግምት ለወጠው። ከዚያ በፊት ሰው የሚጠራት «ውድድሩን ያሸነፈችው ልጅ» እያለ ነበር፤ ከዚህ ወዲያ በስምዋ ጠራት። ከዘፈኖቹ መካከል አንዱን፥ ማክስ ማርቲን የተባለው ስዊድናዊ ከባልደረባው ጋር የደረሰውን «ሲንስ ዩ ቢን ጎን»፥ ራዲዮ ጣቢያዎች ሳይታክቱ አሰሙት። ለእኛ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀን ከዚያው አልበም የወጣው «ቢኮዝ ኦቭ ዩ» የተባለው ነው። ይህን ዘፈን መድረስ የጀመረችው በ16 ዓመት ዕድሜዋ፥ ስለ ወላጆችዋ መፋታት አዝና ነው። ለመጀመሪያው አልበምዋ ብታቀርበው ኩባንያው አልቀበልም አላት። ለሁለተኛው አልበም ከሁለት የሙዚቃ ሰዎች ጋር አስተካክላ እንደ ገና አቀረበችው፤ ወጣም፤ በብዙ አገሮችም ተወደደ። አልበሙ በዓለም ወደ 12 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል ይባላል። በፌብሩዋሪ 2006 ዓ.ም. ግራሚ ከተባለው የአሜሪካ ታላቅ የሙዚቃ ሽልማት ሁለት ተቀበለች።

በዚህ ጊዜ አንድ ሰው በልብዋ ያለውን ለመገመት አይቸገርም። ኩባንያው የናቀው ዘፈን ከሁሉ ከተወደዱት አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የሚቀጥለውን አልበም ዘፈኖች ሁሉ ከባልደረቦችዋ ጋር ሆና ራስዋ ለመድረስ ቈረጠች። አልበሙም «ማይ ዲሴምበር» ተባለ፤ ዲሴምበር በእነርሱ አገር የብርድና የጨለማ ወር ነውና፥ ስሙ እንደሚያመለክተው ዘፈኖቹ ያዘኑና የተቈጡ ነበሩ።

የኩባንያው አለቃ ሚስተር ክላይቭ ዴቪስ ነበሩ። እኚህ ሰው በሸክላ ንግድ ውስጥ ከአርባ ዓመት የማያንስ ጊዜ የቆዩ፥ ጃኒስ ጆፕሊንንና ዊትኒ ሂውስተንን የመሳሰሉትን ዘፋኞች ያወጡ፥ የትኛው ዘፈን በራዲዮ እንደሚወደድ በማወቅ የተመሰገኑ ናቸው። አልበሙን ሰምተው ለራዲዮ የሚሆን ዘፈን እንደሌለበት ተናገሩ፤ ሙያቸው በሆነ ደራስያን የተጻፉ ዘፈኖች እንዲገቡበትም ፈለጉ። እርስዋ እንቢ አለች። ክርክሩ ከቢሮ ወጥቶ በየጋዜጣው ተጻፈ፤ የአንዲት ወጣት ዘፋኝና የአንድ አንጋፋ አለቃ ጠብ ሆኖም የአገሩ ሰው ሁሉ መነጋገሪያ ሆነ። በጁን 2007 ዓ.ም. በዚያ ጊዜ ከነበረው አስተዳዳሪዋ ጋር ተለያየች፤ በየከተማው እየዞረች ልታሳየው ያሰበችው የዘፈን ዝግጅትም ትኬቱ ስላልተሸጠ ተሰረዘ። አልበሙ በዚያው ወር ወጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ወደ 290,000 ተሸጦ ሁለተኛ ደረጃ አገኘ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሽያጩ ወደ «ብሬክአወይ» አጠገብ አልደረሰም።

እንግዲህ ማን ነበር ትክክለኛው? በነጋዴ ዐይን ለሚያይ ሰው ሚስተር ዴቪስ አልተሳሳቱም፤ የተናገሩት ሁሉ በሽያጩ ታየ። በእኛ አስተያየት ግን በዚህ ክርክር የተሸጠው ሸክላ ቍጥር ዋናው ነገር አይደለም። ሰው በራሱ ሐሳብ ሠርቶ ቢወድቅ፥ መውደቁ የራሱ ነው፤ ከዚያም ይማርበታል። በሌላው ትእዛዝ ሠርቶ ቢወድቅ ግን፥ እንደ ፊልሙ ያለ ነገር ሆኖ ይቀራል። ዘፋኝዋ በዚህ አልበም ገንዘብ አጉድላ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ማንም «ይህች የቴሌቪዥን አሻንጉሊት ናት» ሊላት አልደፈረም። ደግሞም በነገሩ አልገፋችበትም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚስተር ዴቪስ በሙያቸው ክብር የሚገባቸው ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣች። ውሉ ገና አላለቀምና፥ ከአለቃ ጋር ተጣልቶ በአንድ ቤት መኖር እንዴት እንደሚያስቸግር ታውቃለች።

በ2009 ዓ.ም. ወደ ገበያው ዘፈን ተመለሰች። የአዲሱ አልበምዋ የመጀመሪያ ዘፈን ከ97ኛው ደረጃ በአንድ ጊዜ ወደ አንደኛው ወጣ፤ ይህም የቀደመውን የራስዋን ዝላይ አስናቀ። ይሁን እንጂ በዚሁ አልበም ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ። ራያን ቴደር የተባለው ደራሲ «ኦልረዲ ጎን» የተባለውን ዘፈን ሲሠራላት፥ የሙዚቃው አወራረድ ያው ሰው ለሌላይቱ ዘፋኝ ለቢዮንሴ ከሠራው «ሄሎ» ከተባለው ጋር እጅግ የተቀራረበ ሆኖ አገኘችው። ሰው «ሰረቀች» እንዳይላት ፈርታ ዘፈኑ ለብቻው ተለይቶ እንዳይወጣ ጠየቀች። ኩባንያው አወጣው። ዘፋኝ የገዛ ድምፁ የተቀረጸበትን ዘፈን ማስቀረት እንደማይችል የሚያስረዳ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት አይቻልም፤ ድምፁ የእርሱ ቢሆንም ቅጂው የኩባንያው ንብረት ነውና።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የዝና ዓመታት ናቸውና በአጭሩ እናልፋቸዋለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አልበምዋ «ስትሮንገር» የተባለውን ዘፈን በሰንጠረዡ አናት ላይ አስቀመጠ፤ ሁለተኛ ጊዜም የግራሚን የአልበም ሽልማት አስገኘላት። ጃንዋሪ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ በዋሽንግተን በሕዝብ ፊት ዘፈነች።

ልክ በሚከተለው ወር ግን ያ የቈየው ጠብ ተቀሰቀሰ። ሚስተር ዴቪስ የሕይወት ታሪካቸውን በመጽሐፍ አሳተሙ፤ በመጽሐፉም ውስጥ ዘፋኝዋ «ሲንስ ዩ ቢን ጎን» የተባለውን ዘፈን ከአልበሙ ለማውጣት ስትከራከር ምርር ብላ እንዳለቀሰች ጻፉ። እርስዋም በዚያው ቀን መልስ ሰጠች። ማልቀስስ አልቅሻለሁ፥ ነገር ግን ያለቀስኩት «ቢኮዝ ኦቭ ዩ»ን ባሰማኋቸው ጊዜ መጥፎ ደራሲ ነሽ ስላሉኝ ነው አለች። ሚስተር ዴቪስ በበኩላቸው የጻፍሁት እውነት ነው ብለው ጸኑ። በአንድ ክፍል ውስጥ የሆነውን ነገር እኛ ልንፈርድበት አንችልም። ነገር ግን ያንን ዘፈን የጻፈችው በ16 ዓመትዋ ስለ ፈረሰው ቤታቸው መሆኑን ላስታወሰ ሰው፥ ነገሩ በዐሥር ዓመት ያልሻረበት ምክንያት አይሰወረውም።

በ2015 ዓ.ም. «ፒስ ባይ ፒስ» የተባለውን አልበም አወጣች። የስሙ ዘፈን ጥሎ ስለ ሄደ አባት የሚናገር ነው። ይህም በአር ሲ ኤ ዘንድ ሰባተኛው አልበምዋ ነበር፤ ግዴታዋም በዚህ ተፈጸመ። በፌብሩዋሪ 2016 ዓ.ም. አሜሪካን አይዶል በፎክስ ጣቢያ ሊዘጋ በተቃረበ ጊዜ ተጋብዛ፥ ፀንሳ ሳለች ይህንኑ ዘፈን በዚያው መድረክ ዘፈነችው። እየዘፈነች አለቀሰች፤ በዳኝነት የተቀመጡትም አለቀሱ። በዚያው ዓመት አትላንቲክ ከተባለው ሌላ ኩባንያ ጋር ተዋዋለች። አሁን የተዋዋለችው ስልክ በሚደውል ሕዝብ ብዛት ሳይሆን፥ ዐሥራ አራት ዓመት የሠራችውን ሥራ ይዛ ነው። በ2017 ዓ.ም. ያወጣችው «ሚኒንግ ኦቭ ላይፍ» የተባለው አልበምም ከልጅነትዋ ጀምሮ ትወደው በነበረው በጥቁር አሜሪካውያን የሶል ሙዚቃ ስልት የተሠራ ነው።

ስለ ውል ስንናገር የቤተ ሰቡን ነገር መዝለል አንችልም፤ ነገር ግን በአክብሮት እንጠቅሰዋለን። በ2013 ዓ.ም. ያገባችው ብራንደን ብላክስቶክ አስተዳዳሪዋም ነበር። በ2020 ዓ.ም. ፍቺ ጠይቃ በ2022 ዓ.ም. ተፈጸመ። የአስተዳዳሪነቱ ጉዳይም ወደ ካሊፎርኒያ የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚሽነር ቀረበ። በዚያ ግዛት ሕግ የዘፋኝ አስተዳዳሪ ምክር ይሰጣል፥ ሥራውን ያደራጃል፤ ሥራ ፈልጎ ማስቀጠር ግን ለዚሁ ፈቃድ ያለው ወኪል ተግባር ነው። ሁለቱ ሥራዎች የተለዩት፥ አንድ ሰው የአርቲስቱን ሥራ ሁሉ በአንድ እጁ እንዳይዝ ተብሎ ነው። ኮሚሽነሩ በ2023 ዓ.ም. አስተዳዳሪው ያለ ፈቃድ የወኪልን ሥራ ሠርቷል ሲል፥ ከ2.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲመልስ ወሰነ። በሚከተለው ዓመት ነገሩ በስምምነት አለቀ። ብላክስቶክ በ2025 ዓ.ም. ዐርፏል። ሕጉ እንዲህ ያለውን ድርብ ሥልጣን የሚጠራጠረው ያለ ምክንያት አለመሆኑን፥ በመጀመሪያው ውል የሆነውን ያየ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል።

ከውድድሩ ያለፉት ሌሎችስ ምን ሆኑ? በ2006 ዓ.ም. አንደኛ የወጣው ቴይለር ሂክስ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሸክላ ኩባንያው ጋር ሲለያይ፥ በዚያው ዓመት አራተኛ የወጣው ክሪስ ዶትሪ ሸክላው በሚሊዮን የሚቈጠር ተሸጠ። በ2004 ዓ.ም. ሰባተኛ ሆና የተሰናበተችው ጄኒፈር ሀድሰንም በ2007 ዓ.ም. በፊልም ተዋናይነት የኦስካር ሽልማት ተቀበለች። የሕዝቡ ምርጫ ዋጋ የለውም ለማለት አንደፍርም፤ ኬሊ ክላርክሰንን የመረጠው ይኸው ሕዝብ ነውና። ነገር ግን ምርጫው በር ይከፍታል እንጂ ቤቱን አይሠራም።

ወደ ኬሊ ክላርክሰን እንመለስ። በ2018 ዓ.ም. ኤን ቢ ሲ በተባለው ጣቢያ «ዘ ቮይስ» በተባለው ሌላ የዘፈን ውድድር በአሠልጣኝነት ተሠየመች። በዚህ ውድድር አሠልጣኞቹ በመጀመሪያ ፊታቸውን አዙረው ይቀመጣሉ፤ ዘፋኙን ሳያዩ ድምፁን ብቻ ሰምተው የወደዱት እንደ ሆነ ቍልፍ ሲጫኑ ወንበሩ ይዞራል። በመልክና በልብስ እንዳይፈረድ የታሰበ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ምንም እንኳ ሕዝቡ በቤቱ ሆኖ ሁሉን ቢያይ። በ2019 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር ደግሞ በስምዋ የተጠራ የቀን የጭውውት ፕሮግራም በቴሌቪዥን ጀመረች፤ ለዚህም ሥራ ብዙ ሽልማት አገኘችበት።

በ«ዘ ቮይስ» በተቀመጠችበት በመጀመሪያው ጊዜ ያሸነፈችው የእርስዋ ሠልጣኝ ብሪን ካርቴሊ ነበረች፤ ዕድሜዋም በዚያ ጊዜ 15 ዓመት ነበር። በ2019 ዓ.ም. መጀመሪያ ኬሊ ክላርክሰን በአሜሪካ ከተሞች እየዞረች ስትዘፍን ይህችን ልጅ አስከትላ ሄደች፤ በየከተማውም ከእርስዋ በፊት ወደ መድረኩ እየወጣች የራስዋን ዘፈን ለሕዝብ እንድታሰማ አደረገች።